ሁለት ዱላ፣ አንድ ጋሻ፦ የዱላ ግጥሚያ በጆሃንስበርግ

በጆሃንስበርግ መሀል ከተማ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ከሚበዙበት ከጄፒ ጎዳና ብዙም ሳይርቅ፣ ክዋማይማይ የሚባል አሮጌ ገበያ አለ። የባህል መድኃኒት ይሸጥበታል፤ ከመኪና ጎማ እየተቆረጠ የሚሠራ፣ በርባሶን የሚያስታውስ ባለቀለም ጫማ ይሸጥበታል፤ የከብት ቆዳ ጋሻና ዱላም አይጠፋም። ጋሻና ዱላውን ግድግዳ ላይ ለመስቀል የሚገዛ አለ። ለዙሉ ጎልማሳ ግን ስልት፣ አለቃና ደንብ ያለው የአንድ ግጥሚያ ዕቃ ነው።

የዙሉ ተጋጣሚ ሦስት ነገር ይይዛል። በቀኝ እጁ ኢንዱኩ የሚባለውን መምቻ ዱላ ይጨብጣል። በግራው ኡቦኮን ይይዛል፤ ይህ ከመምቻው በጣም የረዘመ፣ ወደ ጫፉ የሚሾል መመከቻ ነው። በዚያው በግራ እጅ ኢሃዉ የምትባል ትንሽ የቆዳ ጋሻ ትያዛለች፤ ሥራዋ በዋናነት እጅንና ክንድን መከለል ነው። ቆሳዎች በበኩላቸው ጋሻ አይዙም፤ ሁለት ዱላ ይዘው የግራ እጃቸውን በጨርቅ ይጠቀልላሉ።

አዲስ ተመልካች ዓይኑን የሚጥለው መምቻው ላይ ነው። ዐዋቂ የሚያየው ግራ እጅን ነው። ጎበዝ ተጋጣሚ የእጁን አንጓ ብቻ እያዞረ ረጅሙን ዱላ ከራሱ እስከ ጉልበቱ ያመላልሰዋል፤ የመጣውን ምት ይመክታል፤ ወዲያው በቀኙ ይመልሳል። ቁርጭምጭሚት ሊመታ ጎንበስ ያለ መስሎ ባላጋራው መመከቻውን ዝቅ ሲያደርግለት ጭንቅላቱን ይለዋል። ጭንቅላት ዋናው ዒላማ ነው። ስለዚህ በቀድሞ ጊዜ ራሱ ላይ ጠባሳ የሌለበት ጎልማሳ እምብዛም አይገኝም ነበር፤ ጠባሳውም አያሳፍርም።

ይህ ሁሉ ድብድብ ያልሆነው በደንቡ ምክንያት ነው። በሾለው ጫፍ መውጋት ነውር ነው። የወደቀ ወይም ዱላው ከእጁ ያመለጠ ሰው አይመታም። የተሸነፈ ሰው ሽንፈቱን ሲናገር ወይም ደም ሲፈስ የወጣቶቹ አለቃ ግጥሚያውን ያስቆማል። ከዚያ በኋላ አሸናፊው የተሸናፊውን ቁስል ማጠቡ የቆየ ልማድ ነው፤ ቂም እንዳይዙ።

ትምህርቱ የሚጀመረው ከብት ጥበቃ ላይ ነው። እረኞች በለጋ ቅርንጫፍ እየተማቱ ያድጋሉ፤ ከመካከላቸው የበረታው ኢንቅዌሌ ይባላል፤ የእረኞቹም አለቃ ይሆናል። ትልልቆቹ ግጥሚያዎች በሠርግና በበዓል፣ መንደር ከመንደር የሚደረጉ ናቸው። ተራው የደረሰ ጎልማሳ ወደ መሀል ወጥቶ ጋሻውን እያነሣ፣ በእግሩ መሬት እየመታ ይፎክራል። የእኛን ሽለላና ፉከራ ያየ ሰው ምን እያለ እንደሆነ ለመገመት አስተርጓሚ አያሻውም።

የዱላ ጥበብ የአንድ አገር ሀብት አይደለም። አየርላንዶች ከጥቁር እሾህ ዛፍ በሚቆረጥ ዱላ የሚጋጠሙበት ስልት አላቸው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን በገበያና በዓመት በዓል ቡድን ለይተው ይማቱበት የነበረው ዛሬ በአሠልጣኝ የሚሰጥ የባህል ስፖርት ሆኗል። የግብፆች ታህቲብ በ2016 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። የኦሞዎቹ የሱርማና የሙርሲ ዶንጋም ዳኛ ያለው ነው፤ ባላጋራን መግደል በጥብቅ የተከለከለ ነው።

ጆሃንስበርግ ወርቅ በተገኘበት በ1886 ስትቆረቆር የገጠሩን ጎልማሳ ወደ ማዕድን ጉድጓድ ሳበችው። ሰውዬው ከብቱን ትቶ መጣ፤ ዱላውን ግን ይዞ መጣ። ቤተሰብ በማይፈቀድባቸው የወንደላጤ ሠራተኞች ማደሪያዎች ውስጥ ጭፈራውም ግጥሚያውም ቀጠለ። በ1918 የተወለደው ኔልሰን ማንዴላ በኩኑ መንደር እረኛ ሳለ ዱላ መመከትንና ማምታታትን እንደተማረ በግለ ታሪኩ ጽፏል። በ1941 ጆሃንስበርግ ሲገባ ያገኘው የመጀመሪያ ሥራ የክራውን ማይንስ የሌሊት ዘበኝነት ነበር። ከተሰጡት ዕቃዎች አንዱ ራሱ ድቡልቡል የሆነ ቆመጥ ነበር። በኋላ በኦርላንዶ ቦክሰኛ ሆነ።

ሌላው የከተማዋ ምሳሌ ሙዚቀኛው ጆኒ ክሌግ ነው። በ1953 እንግሊዝ አገር የተወለደው ይህ ነጭ ልጅ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ የዙሉ ሠራተኞች ማደሪያ እየገባ ጊታራቸውን፣ ጭፈራቸውንና ዱላቸውን ተማረ። በአፓርታይድ ሕግ ያ ቦታ ለነጭ ክልክል ስለነበር ተይዟል። ከሲፖ ምቹኑ ጋር ጁሉካ የተባለውን ባንድ መሠረተ፤ በመድረክ ላይ ያ ጭፈራ ዓለምን ዞረ። በ2019 ጆሃንስበርግ ውስጥ ዐረፈ።

ዱላው መጥፎ ዘመንም አይቷል። ከ1990 እስከ 1994 በማደሪያዎቹ ነዋሪዎችና በአካባቢው ሕዝብ መካከል በተነሣው የፖለቲካ ግጭት ብዙ ደም ፈሰሰ። ሰልፈኛው ዱላ፣ ቆመጥና ጦር ይዞ ሲወጣ ኢንካታ የተባለው የዙሉዎች ፓርቲ መሪዎች «የባህል መሣሪያ ነው» አሉ፤ ተቃዋሚዎቻቸው «መግደያ ነው» አሉ። ማርች 28 ቀን 1994 በመሀል ከተማ ሼል ሃውስ በተባለው የማንዴላ ፓርቲ የኤኤንሲ ጽሕፈት ቤት ፊት የኢንካታ ሰልፈኞች በጥይት ተገደሉ። በዚያ ዘመን አደባባይ የወጣው እንጨት ያው እንጨት ነበር፤ የጎደሉት አለቃው፣ «በቃ» የሚለው ድምፅና ቁስል የሚያጥበው እጅ ናቸው።

ዛሬ ነገሩን የሚገዛው የ2013ቱ የአደገኛ መሣሪያዎች ሕግ ነው። ሕጉ ዱላ ሁሉ ይከልከል አይልም፤ ለባህላዊና ለሃይማኖታዊ ሥርዓት፣ ለስፖርትና ለሥራ የተያዘን ይተወዋል፤ ሰው ለመጉዳት የተያዘን ይቀጣል። ስለዚህ ከጄፒ እስከ ክዋማይማይ ደርሳችሁ ዱላ የምትገዙ ወገኖች፣ ጠቅልላችሁ በቀጥታ ወደ ቤት ውሰዱት፤ ሻጩንም የትኛው መምቻ፣ የትኛው መመከቻ እንደሆነ ጠይቁት።