ሥዕሉ ራሱ ይነበባል

አምቦ ላይ ለልጁ መጽሐፍ የሚገዛ ወላጅ ገጾቹን አገላብጦ ሥዕል ከበዛበት ‹‹ይሄማ የሕፃን ነው›› ብሎ ይመልሰዋል። ለታዳጊዎች ከሚጻፉት ሁሉ ያላግባብ የተናቀው ሥዕላዊ የሕይወት ታሪክ ነው።

ምንነቱ ብዙ ማብራሪያ አይሻም፤ የአንድን ሰው ወይም የአንድን ዘመን ታሪክ በሥዕልና በአጭር ጽሑፍ የሚተርክ መጽሐፍ ነው። ከ8 እስከ 14 ዓመት ላለ ልጅ ይስማማል።

ሥዕልን የጽሑፍ ማጌጫ ብቻ አድርጎ ማየት ግን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አያምርበትም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የያዘው ባህላዊ የሥዕል ሸራ ብዙውን ጊዜ በ44 ካሬ የተከፈለ ነው። ከዘንዶው ንግሥና ተነሥቶ ቀዳማዊ ምኒልክ ታቦተ ጽዮንን ይዞ እስከሚመጣበት ድረስ ትረካው በተራ ይሄዳል፤ በየሥዕሉ ሥር አጭር የአማርኛ ጽሑፍ አለ። ኮሚክ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ሸራ ልብ ብሎ አላየውም።

የዐድዋ ሸራ ደግሞ ከዚህም ይረቃል። ብዙ ጊዜ የኢትዮጵያ ሠራዊት በግራ፣ የጣሊያን በቀኝ ይሰለፋል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በፈረስ ይታያል፤ እቴጌ ጣይቱ ሽጉጥ ይዘው በፈረስ ላይ ናቸው። ፊቶቹን ተመልከቱ። ኢትዮጵያውያኑ ሙሉ ፊታቸውና ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ጠላት በጎን ስለሚሣል የሚታየው አንድ ዓይኑ ነው። ሠዓሊዎቹ ይህን የወረሱት ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው፤ እዚያም ደጎቹ ከፊት፣ ክፉዎቹ በጎን ይሣላሉ። ይህ የተነገረው የ10 ዓመት ልጅ ሠዓሊው ለማን እንደወገነ በራሱ ይለያል። ከዚያ ‹‹ጣሊያን ቢሥለው ኖሮ እንዴት ይሥለው ነበር?›› ብሎ ሲጠይቅ፣ የታሪክ ተመራማሪ ማስረጃን የሚመረምርበትን ጥያቄ ጠየቀ ማለት ነው።

ስለዚህ ጽሑፉን አንብበው እንደጨረሱ ገጹን የሚገልጡ አዋቂዎች ቢታገሡ ጥሩ ነው። የልጁ ጣት ገና ሥዕሉ ላይ ነው። መጽሐፉ እንዳይቆሽሽ ብለው ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቆልፉትማ ጭራሽ ባይገዙት ይሻል ነበር።

በአምቦ፣ በጉደርና በግንጪ ሥዕሉ ሌላም ሥራ አለው። የአካባቢው ልጆች በብዛት የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የአማርኛው ወይም የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ቢከብዳቸው ሥዕሉ ታሪኩን ይዞላቸው ይቆያል። አባት ወይም እናት በአፋን ኦሮሞ እያስረዱ አብረው ሊያነቡት ይችላሉ።

ለጀማሪ የሚመከረው ዩኔስኮ ‹‹ሴቶች በአፍሪካ ታሪክ›› በሚለው ተከታታይ ሥራው ስለ እቴጌ ጣይቱ ያዘጋጀው ሥዕላዊ መጽሐፍ ነው። በእንግሊዝኛ ስለሆነ አዋቂ አጠገብ ቢኖር ይመረጣል፤ ከኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። በሥዕል የተተረከ ልብ ወለድ ለሚወድ ደግሞ ኢታን ኮሚክስ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣው ‹‹ጀምበር›› በአማርኛም አለ።

የምዕራብ ሸዋ ልጆች የራሳቸውንም ሰዎች በሥዕል ሊተርኩ ይችላሉ። በ1928 ዓ.ም በአምቦ አካባቢ የተወለደው ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና ታዳጊ ተማሪ ሳለ ተውኔት ጽፏል። የግንጪው አርበኛ ጃገማ ኬሎ ጣሊያንን ለመፋለም ጫካ ሲገቡ ዕድሜያቸው 15 ገደማ ነበር፤ ፍቅረ ማርቆስ ደስታ ስለ እሳቸው የጻፈው መጽሐፍ ለአዋቂ ነው። ይህንኑ መምህሩ ምዕራፍ በምዕራፍ ጮክ ብሎ ቢያነብላቸው፣ ተማሪዎቹ ደግሞ እንደ ሳባው ሸራ በካሬ ከፍለው ቢሥሉት፣ በየሥዕሉ ሥርም አንድ መስመር በአፋን ኦሮሞ፣ አንድ መስመር በአማርኛ ቢጽፉ፣ ክፍሉ የራሱ መጽሐፍ ይኖረዋል።

የጣይቱን መጽሐፍ የጨረሰ ልጅ ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ አዲስ ዓለም ላይ ወርዶ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ይይ። የእቴጌይቱ ባል ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ሊያዛውሩ ያሰቡት እዚያ ነበር።