ከእደላ የሚተርፍ ሾርባና አጥሚት አያያዝ በወላይታ

በወላይታ ረሃብ ሲገባ ምድሩ አረንጓዴ እንደሆነ እንደሚቆይ በአካባቢው የሠሩ ሁሉ ያውቁታል። የበልግ ዝናብ ሲዛነፍ ስኳር ድንቹና በቆሎው ይጠፋል፤ እንሰቱ ግን ቅጠሉን እንደ ዘረጋ ስለሚታይ ችግሩ በመንገድ ለሚያልፍ ሰው አይገለጥም። በ1977 ዓ.ም.ም ሆነ በ1992 ዓ.ም. በደረሰው ችግር ለተጎዱ ሕፃናትና እናቶች የምግብ ማደያ ጣቢያዎች ተከፍተው ነበር። በእንደዚህ ያሉ ጣቢያዎች ስለሚገባው እህል መጠን ብዙ ይጻፋል፤ ከእደላው በኋላ በሰታቴው ስለሚቀረው ሾርባና አጥሚት ግን የሚነገረው እጅግ ጥቂት ነው። ጉዳዩ ግን የሕፃናት ሕይወት ጉዳይ ነው።

ብዙውን ጊዜ «ተፍልቶ የበሰለ ምግብ ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በሶዶ ከተማ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ሙቀት አብዛኛውን ተሐዋስያን ለመግደል በቂ ነው። ይሁን እንጂ ባሲለስ ሴሬየስን የመሳሰሉ በእህልና በአፈር የሚገኙ ባክቴሪያዎች እንደ ዘር በጠንካራ ልባስ ተሸፍነው ፍላቱን ያልፋሉ፤ ሾርባው ሲቀዘቅዝም ይነቃሉ። ከ60 እስከ 5 ዲግሪ ያለው ሙቀት ለመራባት የሚመቻቸው ነው። ሁኔታው ሲስማማው አንዱ ባክቴሪያ በየ20 ደቂቃው ሁለት ቢሆን በሰባት ሰዓት ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን ይበልጣል። በትልቅ ሰታቴ ያለ ወፍራም አጥሚት ደግሞ መካከሉ ለብ እንዳለ ሌሊቱን ሊያሳልፍ ይችላል። ክዳኑ ዝንቡን ቢከለክልም ሙቀቱንም አብሮ ያቆየዋል።

ጠዋት እንደገና ማፍላትም ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። ባክቴሪያው ቢሞት እንኳ አስቀድሞ የተወው መርዝ በፍላት የማይጠፋበት ጊዜ አለ፤ ሽታውና ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። ለጤነኛ አዋቂ የአንድ ቀን ትውከት የሚሆነው ነገር በምግብ እጥረት ለተዳከመ ሕፃን የሞት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ለወላይታ ሰው ምግብ ማቆየት አዲስ ነገር አይደለም፤ ቆጮ በጉድጓድ ለወራት ይቀመጣል። ነገር ግን ቆጮን የሚጠብቀው በመብላላቱ የሚያገኘው ኮምጣጣነት ነው። ሾርባና አጥሚት ይህ ጥበቃ የላቸውም። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ከደጋው ወደ አበላ ቆላ እንደ ሰፈሩት ገበሬዎች ያለ ሠፋሪም በደጋ ብርድ የለመደውን የማሳደር ልማድ ወደ ሙቀቱ ይዞት ቢወርድ አደጋው ይብስበታል።

ስለዚህ ዋናው ዘዴ ትርፉን ማስቀመጥ ሳይሆን እንዳይተርፍ ማድረግ ነው። የጣቢያው ኃላፊ የመጡትን ሰዎች ሳያስቆጥር ዱቄቱ እንዳይበጠበጥ ያድርግ፤ ከአንድ ትልቅ ሰታቴ ይልቅ በሁለት ዙር መቀቀል ይሻላል። ያልተበጠበጠ ፋፋ ለነገም ይሆናል፤ የተበጠበጠው ግን አይሆንም። የተረፈው እዚያው ትኩሱን፣ ቢበዛ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ አብረው ለመጡት ወንድሞችና እህቶች ይታደል። ለከባድ ምግብ እጥረት ሕክምና የሚሰጠው ኤፍ-75 ወተትም ማቀዝቀዣ በሌለበት ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም።

ማቀዝቀዣ ባለበት ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ሾርባው ከሁለት ሦስት ጣት ባልበለጠ ጥልቀት በዝርግ ዕቃዎች ይከፈል፤ ዕቃዎቹ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተቀምጠው እየተማሰለ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ወደ ማቀዝቀዣው ይግባ። በሦስት ቀን ውስጥ፣ የሚበላው ያህል ብቻ ተቀንሶ፣ መካከሉ ድረስ እስኪንተከተክ ይሞቅ። የሞቀው ተመልሶ አይቀመጥም። ማቀዝቀዣ በሌለበት የምንጭ ውሃ ጥቂት ሰዓት ያተርፋል እንጂ ሌሊቱን አያሳድርም፤ በፍም ላይ ከ60 ዲግሪ በላይ ማቆየትም ማገዶ ይፈጃል።

«ድፉት» የሚለው ትእዛዝ ማቀዝቀዣ ላለው ሰው ቀላል ነው። በቤቷ ሌሎች ልጆች ያሏት እናት ግን የተሰጣትን ሾርባ በጀሪካን ይዛ ብትሄድ የሚያስወቅሳት አይደለም። እርሷን ከመከልከል ይልቅ በቤት ለቀሩት ልጆች የሚሆን ደረቅ ዱቄት መጨመር፣ ምን ያህሉን በምን ያህል ውሃ እንደምታበስልም በራሷ ቋንቋ በወላይትኛ ማስረዳት ይገባል። ይህም እደላው ከመጀመሩ በፊት፣ ሰልፉ ገና ሳይበተን ቢደረግ ይመረጣል።