የክርን ሕመም አልለቅ ሲል፦ ትንሿ ቀዶ ሕክምና መቼ ታስፈልጋለች?

የሻይ ብርጭቆ ማንሳት፣ እርጥብ ልብስ መጭመቅ፣ የበር እጀታ ማዞር፤ የክርኑ ውጫዊ ጎን የሚያመው ሰው የሚቸገረው በእነዚህ ቀላል ነገሮች ነው። ሕመሙ «ቴኒስ ኤልቦ» ይባላል። ስሙ ግን ያሳስታል፤ አብዛኞቹ ታማሚዎች ቴኒስ ተጫውተው አያውቁም። ጀርመናዊው ሐኪም ሩንገ በ1873 እ.ኤ.አ. ስለ ሕመሙ ሲጽፍ ያያያዘው ከጽሕፈት ሥራ ጋር ነበር። ልብስ ሰፊ፣ አናጺ፣ ቀለም ቀቢ፣ ምግብ አብሳይ፣ በአጠቃላይ እጁን ደጋግሞ የሚያሠራ ሁሉ ሊያገኘው ይችላል።

የሚጎዳው ምንድን ነው?

የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሱት ጡንቻዎች ከክርን አጥንት ጋር የተያያዙት በጅማት ነው። ጅማቱ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ በጥቂት በጥቂቱ ይሰነጠቃል፤ በደንብ ሳይጠግን ሲቀርም ጥንካሬውን ያጣል።

መጀመሪያ ትዕግሥት

ከአሥር ታማሚዎች ስምንት ወይም ዘጠኝ ያህሉ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላቸዋል፤ ነገር ግን አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። የሚያሳምመውን ሥራ መቀነስ፣ ዕቃን መዳፍ ወደ ላይ አድርጎ ማንሳትና በባለሙያ የሚመራ የማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ዋነኞቹ መንገዶች ናቸው። የኮርቲዞን መርፌ ለተወሰኑ ሳምንታት ያስታግሳል፤ ከዓመት በኋላ ሲታይ ግን የተወጉት ካልተወጉት የተሻሉ ሆነው እንዳልተገኙ ጥናቶች አሳይተዋል።

ቀዶ ሕክምናው

ሐኪሞች ይህን አማራጭ የሚያነሱት ከ6 እስከ 12 ወር ሌላው ሕክምና ተሞክሮ ለውጥ ሲጠፋ ነው። በክርኑ ጎን ትንሽ ተቀዶ የተጎዳው የጅማት ክፍል ይወገዳል፤ በቀጭን መሣሪያ በካሜራ እየታየም ይሠራል። ብዙውን ጊዜ ታካሚው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከባድ ሥራና ስፖርት ለመጀመር ግን ወራት ያስፈልጋሉ። ኢንፌክሽን፣ የነርቭ ጉዳትና የክርን መድረቅም አልፎ አልፎ ያጋጥማሉ።

ብዙዎቹ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንደተሻላቸው ይናገራሉ። ይሁንና በአውስትራሊያ ተካሂዶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አነስተኛ ጥናት ጅማታቸው በተወገደላቸውና ቆዳቸው ብቻ ተቀዶ በተሰፋላቸው ታካሚዎች መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ «ቀላል ናት» ተብሎ የሚቸኮልባት አይደለችም።

ከመስማማትዎ በፊት

ሐኪሙን ይጠይቁ፦ ሕመሙ ከአንገት ወይም ከነርቭ የመጣ አለመሆኑ ተረጋግጧል? የማጠንከሪያ እንቅስቃሴውን በትክክል ለበቂ ወራት ሠርቻለሁ? ከሥራ የምርቀው ለስንት ጊዜ ነው? በእጁ ሥራ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው የመጨረሻዋን ጥያቄ ሊዘነጋት አይገባም።

ቁስሉ እስኪድን ውሃ እንዳይነካው ይታዘዛል። ክርን በዉዱእ ከሚታጠቡት አካላት አንዱ በመሆኑ፣ በእርጥብ እጅ በፋሻው ላይ ስለ ማበስ ቀድመው ዑስታዝዎን ይጠይቁ።