ትንሽ ውሻ ለቤት ሲመረጥ፤ ወንዱን ወይስ ሴቲቱን?

ቀድሞ በአገራችን ውሻ የሚያድረው በደጅ እንጂ በእልፍኝ አልነበረም። ሥራውም ቤት መጠበቅ፥ መንጋ መከተል፥ ከአዳኝም ጋራ ወደ ዱር መውጣት ነበረ። በከተማ ኑሮ ግን ግቢው ጠበበ፥ አጥሩ በግንብ ተተካ፥ ዘበኛም ተቀጠረ፤ ስለዚህ ልጆች የሚጫወቱባት፥ ሽማግሌዎችም ብቸኝነታቸውን የሚረሱባት ትንሽ ውሻ በቤት ውስጥ ማሳደግ በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሉሉ የተባለ የቺዋዋ ዘር ውሻ በቤተ መንግሥታቸው ያኖሩ እንደ ነበረ ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንነጋገርበት ያሰብነው፥ ከትንሽ ዘር ቡችላ ለማምጣት የቆረጠ ቤተ ሰብ ሁሉ የሚገጥመው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ወንዱን እንውሰድ ወይስ ሴቲቱን የሚለው ነው።

ብዙ ሰው ምንም ሳይመረምር ወንዱን ይመርጣል። ምክንያቱን ቢጠየቅ፥ ወንድ ውሻ ይጠብቃል፥ ሴት ውሻ ግን ትወልዳለች፥ ደጁንም በውሻ ታስሞላለች ይላል። ይህ አሳብ ለትልቁ ለደጅ ውሻ እንኳ ቢሆን እኩሌታው ልማድ ነው፤ ለቤት ውስጥ ትንሽ ውሻ ግን ፈጽሞ አይስማማም። ክብደቱ 3 ኪሎ የማይሞላ ቺዋዋ ወንድ ስለ ሆነ ሌባ አያባርርም፤ የሚችለው መጮኽ ብቻ ነው፥ በመጮኽም ሴቲቱ ከወንዱ አታንስም። ከዚህ ልማድ የሚመጣው ጉዳት ግን ቀላል አይደለም። ወንዶቹ ቡችሎች በጎረቤትና በዘመድ ተመርጠው ከተወሰዱ በኋላ፥ ሴቶቹ ጡት ሳይጥሉ በካርቶን ወይም በጆንያ ሆነው በመንገድ ዳር ይጣላሉ። ከእነርሱም በሕይወት የተረፉት አድገው በዚያው በመንገድ ይወልዳሉ። እንግዲህ የሰፈሩ ውሻ በዛ ብሎ የሚያማርር ሰው፥ መብዛቱ ከየት እንደ ጀመረ ሲያስብ ከራሱ ቤት ደጃፍ ሊደርስ ይችላል።

በመጠን በኩል ብርቱ ልዩነት አለ ብሎ የሚያስብም አይጠፋም። በትልልቆቹ ዘሮች ወንዱ ከሴቲቱ በጉልህ ይበልጣል፤ በትንንሾቹ ግን ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። ለቺዋዋ በወጣው የዘር ደንብ ለወንዱም ለሴቲቱም የተወሰነው የክብደት ልክ አንድ ነው። ፔኪኔዝ ለተባለው ለቻይናው ዘርማ ነገሩ ተገላብጦ፥ ለወንዱ እስከ 5 ኪሎ፥ ለሴቲቱ ግን እስከ 5.4 ኪሎ ተፈቅዷል።

በዚህ ነገር የቋንቋችን ጠባይ ራሱ ሳያሳስተን አይቀርም። በአማርኛ ትንሽና የሚወደድ ነገር ሁሉ በሴት አንቀጽ ይጠራልና፥ ወንዱን ቡችላ እንኳ አቅፈን «ይህች እንዴት ታምራለች» እንላለን፤ ስሙንም ወንድ ሆነ ሴት «ቡቺ» ብለን እንጨርሳለን። ሻጭም እንደ ገዢው ፍላጎት መናገሩ የተለመደ ስለ ሆነ፥ ነገሩ በአንደበት ሳይሆን በዓይን ይረጋገጥ። ቡችላው በጀርባው በእጅ ላይ ሲጋደም፥ የወንዱ የሽንት መውጫ ከእምብርቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ በሆዱ ላይ ይታያል፤ የሴቲቱ ግን በኋላ እግሮቿ መካከል ከጅራቷ በታች ነው።

በኤውሮጳ ነገሥታት ቤት የሆነውን ብንመለከት ሁለቱም ፆታዎች ሲወደዱ እናገኛለን። (ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዘመኖች ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በወጣትነቷ ዳሽ የተባለ ወንድ ስፓንየል ነበራት፤ በ1838 የዘውዱ በዓል በተፈጸመበት ቀን እንኳ ወደ ቤተ መንግሥት ስትመለስ ዳሽን በገዛ እጇ እንዳጠበችው ተጽፏል። ቆይቶም በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር በፔኪን አጠገብ ያለውን የቻይናን ንጉሠ ነገሥት የበጋ ቤተ መንግሥት በዘረፈ ጊዜ፥ በዚያ ከተገኙት ትንንሽ ውሾች አንዲቱ በ1861 ለዚህችው ንግሥት ቀረበችላት። ሴት ነበረችና ሉቲ ብለው ሰየሟት፤ ትርጓሜውም ከዝርፊያ የተገኘች ማለት ነው። ለእንዲህ ያለች ፍጥረት ስሙ የሚያስመሰግን ባይሆንም፥ ሉቲ ግን እስከ 1872 ድረስ በቤተ መንግሥቱ ኖረች። በቅርቡም ዘመን በ2022 ያረፈችው ንግሥት ኤልሳቤጥ 18 ዓመት በሞላት ጊዜ፥ በ1944፥ ሱዛን የተባለች ሴት ኮርጊ ተሰጥታት ነበር። ከዚያች ከአንዲቱ ሴት ውሻ የተወለዱት ከ10 ትውልድ በላይ ንግሥቲቱን አጅበዋል። ሴት ውሻ ሁሉ የዋህ ናት ለሚሉም እንዲታወቅ ያህል፥ ይህችው ሱዛን በ1954 የቤተ መንግሥቱን ሰዓት የሚሞላውን ሰው ነክሳለች።

ከዚህ የተነሣ ስለ ጠባይ የሚባለውን እኛ በጥንቃቄ እንቀበላለን። ወንዱ ተጫዋችና ለጌታው የሚጣበቅ ነው፥ ሴቲቱ ጭምትና በራሷ አሳብ የምትሄድ ናት ይባላል። በአንዳንዱ ቤት ይህ እውነት ሆኖ ይገኛል፥ በሌላው ቤት ግን ፈጽሞ ተቃራኒው ይታያል። በእውነቱ የቡችላውን ጠባይ አብልጦ የሚወስነው የእናቱና የአባቱ ዘር፥ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራትም ከሰው እጅ ያገኘው አያያዝ ነው። በእነዚያ ወራት ሕፃናትን፥ እንግዶችን፥ የመኪና ድምፅንና የእቃ መንኳኳትን በሰላም የለመደ ቡችላ፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ ሲያድግ ከፍርሃት የተነሣ አይናከስም።

በፆታ ምክንያት በእርግጥ የሚለየው የመራባት ነገር ነው። በወንዱ እንጀምር። ወንዱ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ እግሩን አንሥቶ መሽናት ይጀምራል። ይህንም የሚያደርገው ፊኛው ስለ ሞላ ብቻ አይደለም፤ እኛ በደብዳቤ ላይ ማኅተም እንደምናሳርፍ፥ እርሱም ቦታው የእርሱ መሆኑን ለሌሎች ውሾች ሲያስታውቅ ነው። በግቢ ቢሆን ማንም አይቸገርም ነበር፤ ትንሹ ውሻ ግን ማኅተሙን የሚያሳርፈው በወንበር እግር፥ በመጋረጃ ጫፍ፥ አንዳንድ ጊዜም እንግዳ ባወለቀው ጫማ ላይ ነው። ጥቂት ጠብታ ስለ ሆነም ሽታው እስኪወጣ ድረስ የቤቱ ሰው አያስተውለውም። በሰፈር ያለች ሴት ውሻ ጊዜዋ ሲደርስም በሩ ተከፍቶ ቢያገኝ ይጠፋል። ማኮላሸት ይህን መጥፋቱን እጅግ ይቀንሳል፥ መሽናቱንም ልማድ ሳይሆንበት ከሆነ በብዙው ይቀንሳል። ደግሞም በትንንሽ ዘሮች ዘንድ ከሌሎቹ ይልቅ የሚበዛ ጉድለት አለ፤ ይኸውም አንዱ ቆለጥ በሆድ ውስጥ መቅረቱ ነው። ሁለት ወር በሞላው ወንድ ቡችላ ሁለቱም ወርደው ሊገኙ ይገባል። በሆድ የቀረው ቆይቶ ወደ ነቀርሳ ሊለወጥ ስለሚችል በሐኪም እጅ መውጣት አለበት፤ ጉድለቱም በዘር ይተላለፋልና እንዲህ ያለው ውሻ ለዘር አይሆንም።

የሴቲቱ ነገር ከዚህ ይልቅ ረጅም ቃል ይፈልጋል። ይህን በግልጽ መጻፍ ያሳፍራል የሚል ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ከማፈር የሚመጣው ጉዳት ይብሳል። የትንሽ ዘር ሴት ውሻ ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ የምትፈልግበት ወራት ይደርስባታል፤ ከዚያም በየ6 ወሩ ገደማ ይመለሳል። በያንዳንዱ ጊዜ 3 ሳምንት ያህል ይቆያል። በመጀመሪያው ሳምንት ከምንጣፍና ከመቀመጫ ላይ ጥቂት ጥቂት ደም ይታያል፥ እርሷ ግን ወንድ አታስጠጋም። ስሕተቱ የሚፈጠረው ከዚህ በኋላ ነው። ደሙ እየቀለለ ሲሄድ የቤቱ ሰው «እንግዲህ አለፈላት» ብሎ በሩን ይከፍትላታል፤ ነገር ግን የምትፀንስበት ጊዜ ያን ጊዜ ይጀምራል እንጂ አያልፍም።

በአዲስ አበባ በዚህ ወራት ሴት ውሻ ያለችበትን በር ያየ ሰው የምንለውን ያውቃል። ሽታዋ ከሩቅ ስለሚሰማ የሰፈሩ ወንድ ውሾች በደጁ ይሰበሰባሉ፥ ሌሊቱን ሙሉ ይጣላሉ፥ በግንቡ ሥር ይቆፍራሉ፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆችም በመካከላቸው ያልፋሉ። አደጋው እዚህ ላይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ውሻ፥ ከውሻም ወደ ሰው በንክሻና በምራቅ ይተላለፋል፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላም የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ይህ በሽታ በ1903 በአዲስ አበባና በሌላም የአገራችን ክፍል በብርቱ ተነሥቶ እንደ ነበረ ተጽፏል፥ ዛሬም አልጠፋም። የተነከሰ ሰው ቢኖር ቁስሉ ወዲያው በውሃና በሳሙና ከ15 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ ይታጠብ፥ በዚያውም ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን ይጀምር፤ ነገን መጠበቅ አይገባም። ስለዚህ ሴት ውሻ የሚያሳድግ ቤት በእነዚያ 3 ሳምንታት ውሻይቱን በእልፍኝ ዘግቶ ለማኖር የቆረጠ መሆን አለበት፤ አለዚያ በሐኪም እጅ ማሕፀኗን ማስወጣት ይሻላል።

«አንድ ጊዜ ትውለድና ከዚያ በኋላ» የሚል ምክር በብዙ ቤት ይሰማል። ለትልቅ ውሻ ቀላል የሆነው መውለድ ለትንሿ ግን የሞትና የሕይወት ነገር ሊሆን ይችላል። ቺዋዋና ፔኪኔዝ ቡችሎቻቸው ጥቂት፥ ጭንቅላታቸውም ትልቅ ስለ ሆነ፥ በምጥ ተቸግረው በቀዶ ጥገና የሚወልዱት ብዙዎች ናቸው። የሰፈር ትልቅ ውሻ ያስረገዛት እንደ ሆነ ጭንቁ ይብሳል። ከ63 ቀን ገደማ በኋላ በደኅና ብትወልድም፥ በምታጠባበት ጊዜ አጥንትን የሚያጸናው ካልሲዩም ከደሟ አልቆ ልትንቀጠቀጥና ልትወድቅ ትችላለች፤ ይህ የሚደርሰው ይልቁን በትንንሾቹ እናቶች ላይ ነው፥ በሰዓታት ውስጥም ይገድላል። ጨርሶ ያልወለደችውና ማሕፀኗ ያልወጣውም ስታረጅ ሌላ አደጋ አለባት። ወንድ የምትፈልግበት ወራት ካለፈ ከ1 ወይም ከ2 ወር በኋላ ውሃ መጠጣት ካበዛች፥ መብል ከተወች፥ ከደከመችም፥ ማሕፀኗ መግል ይዞ ይሆናልና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ እንስሳት ሐኪም ማድረስ ነው። የመጀመሪያው ወራት ሳይደርስባት፥ 5 ወይም 6 ወር ሲሆናት፥ ሥራው የተሠራላት እንደ ሆነ ግን ይህ ሁሉ ይቀርላታል፥ በጡቷም ላይ እብጠት የመውጣቱ ነገር እጅግ ይቀንሳል። የሴቲቱ ቀዶ ጥገና ሆድ የሚከፈትበት ስለ ሆነ ከወንዱ ይልቅ ዋጋውም ድካሙም ይበዛል፤ ይህን ወጪ ቡችላይቱ ከመምጣቷ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

በቤት ቀድሞ ሌላ ውሻ ካለ ምርጫው ይቀላል፤ የነበረው ወንድ ከሆነ ሴት፥ ሴት ከሆነችም ወንድ ማምጣት ይሻላል። ሁለት ሴቶች ዓመታት በሰላም ኖረው አንድ ጊዜ ከተጣሉ፥ ጠባቸው ከወንዶቹ ይልቅ ሥር ይሰዳል። ሥራው ያልተሠራላቸውን ወንድና ሴት ባንድነት ማኖር ግን ከላይ የጻፍነውን ሁሉ በገዛ እጅ መጥራት ነው።

የእኛን አሳብ ለሚጠይቅ፥ ሌላ ውሻ ለሌለበት፥ የሐኪሙንም ዋጋ ለመክፈል ለቆረጠ ቤት ሴቲቱን እንመርጣለን፤ ወንዶቹ ፈላጊ አያጡምና። ሐኪም በሌለበት ባላገር ለሚቀመጥ ቤተ ሰብ ግን ወንዱ ይቀላል። ወንድም ሆነ ሴት፥ ቡችላው ሲመረጥ ከእናቱ ጋራ ሳለ ይታይ፤ እናቲቱ ሰው ስታይ የምትሸሽ ከሆነ ልጆቿም እንዲሁ ይሆናሉ። የጉልበቱ ሎሚ ከቦታው እየወጣ የሚያሳነክሰው መሆን አለመሆኑ ሲራመድ ይታያልና መሬት ላይ ይለቀቅ። 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አይለይ። በጣም ትንሽ የሆነው ቡችላ ብዙ ሰዓት ሳይበላ ከቆየ ኃይሉ አልቆ ይወድቃልና፥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን 4 ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይሰጠው። 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወጋ፤ ወረቀቱም ከቤቱ ሌሎች ሰነዶች ጋራ ተቀምጦ፥ ዓመቱ ሲመለስ ቀኑ ይታይ።