ዝብርቅርቅ ብሎ የሚከፈተው ፋይል

ቢቸና ወይም ሞጣ በሚገኝ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ አሮጌ ፍላሽ ተሰክቶ የዱሮ ቃለ ጉባኤ ሲከፈት፣ በአማርኛው ፈንታ የላቲን ፊደልና ምልክት ከተደባለቀ ባለጉዳዩ «ተበላሽቷል» ብሎ ሊያስሰርዘው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጽሑፉ አልተነካም። የአማርኛ መጻፊያዎቹ ቪዥዋል ግዕዝና የቀድሞው ፓወር ግዕዝ በተሠሩበት ዘመን አንድ ፎንት የነበረው 256 ቦታ ብቻ ነው፤ ከዚያም የተወሰነው ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ የተያዘ ነው። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹና የግዕዝ ቁጥሮች ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ ሠሪዎቹ በላቲኑ ቦታ ላይ ፊደላችንን እየሳሉ፣ ቦታ ሲያንስ ለብዙ ፎንት እያከፋፈሉ ወይም ፊደሉን ከቁርጥራጭ እየገጣጠሙ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ስሌት ሄዱ። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር የሚያሳየው ከሥር ያለውን ላቲን ነው። ዩኒኮድ ለፊደላችን የራሱን ቦታ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ ፋይል ፎንት ሲያጣ ባዶ ሳጥን እንጂ ላቲን አያሳይም፤ ለሳጥኑ ኒያላን ወይም አቢሲኒካን የመሰለ የዩኒኮድ ፎንት መጫን ይበቃል። ለላቲኑ ግን ኒያላ ምንም አይፈይድም፤ የተጻፈበት ፎንት ራሱ መገኘት አለበት።

«የፋይሉን ቅጥያ ብንቀይረውስ?» የሚል አለ። ቅጥያ ስም ነው። ቢቸና አጠገብ ባለችው በዲማ ጊዮርጊስም ቢሆን፣ የብራና መጽሐፍ ዳዊት ይሁን ድጓ የሚታወቀው ተገልጦ እንጂ በማኅደሩ አይደለም። ፋይልም ማንነቱን የሚናገረው በመጀመሪያዎቹ ምልክቶቹ ነው። እንግዳ ፋይል በኖትፓድ ሲከፈት «ፒዲኤፍ» የሚሉት የላቲን ፊደላት ከመቶኛ ምልክት ቀጥለው ከመጡ፣ ስሙ ምንም ቢሆን ፒዲኤፍ ነው። በላቲን «ፒ» እና «ኬ» የሚጀምር የዚፕ ጥቅል ነው፤ የዚፕ ፈጣሪ የፊል ካትዝ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። የ2007ቱ ዎርድ ያመጣው «ዶክኤክስ» በውስጡ ይኸው ዚፕ ስለሆነ፣ ያለ ቅጥያ የመጣ የዎርድ ሰነድም በዚህ ሊለይ ይችላል።

«ሁሉን ፒዲኤፍ አድርጎ መገላገል» የሚለው ሐሳብ ይበልጥ ክብደት አለው፤ ፒዲኤፍ አብዛኛውን ጊዜ ፎንቱን አብሮ ስለሚይዝ ገጹ በማንኛውም ስልክ በትክክል ይነበባል። ለማተም ይህ ይበቃል። ነገር ግን ከዚያው ፒዲኤፍ አንድ መስመር ቀድቶ ቴሌግራም ላይ ቢለጥፉት ያው ላቲን ይወጣል፤ አንድ የሰው ስም በአማርኛ ቢፈልጉበትም አይገኝም። መዝገብ የሚፈለግበት ካልሆነ ምኑን መዝገብ ሆነ? ስለዚህ ወደ ዩኒኮድ መለወጡ አይቀርም፤ መለወጫ ፕሮግራሞችም አሉ። ሥራው ግን ከዋናው የዎርድ ፋይል ቅጂ ላይ ይጀመር። የትኛው ቃል በግዕዝ ፎንት፣ የትኛው በእንግሊዝኛ እንደተጻፈ የሚያውቀው እሱ ነው። ተቀድቶ በተለጠፈ ጽሑፍ ላይ ያ ምልክት ስለሚጠፋ፣ መለወጫው እውነተኛውን የእንግሊዝኛ ቃልም ትርጉም ወደሌለው ፊደል ይቀይረዋል።