ባለ 20 ላምጣ ወይስ ባለ 40?

ኢንቦክሴን ካጨናነቁት ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ «ዕቃዬ 33 ሲቢኤም ነው፣ ባለ 20 ይበቃኛል አይደል?» አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ በቁጥር እንየው።

ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ከውስጥ ሲለካ ርዝመቱ 5.90 ሜትር ገደማ፣ ወርዱ 2.35፣ ቁመቱ 2.39 ነው። ሲባዛ 33 ሜትር ኪዩብ ይመጣል፤ ሲቢኤም የምንለው ይህንን ነው። ባለ 40ው በወርድም በቁመትም ያው ነው፤ ርዝመቱ ግን 12.03 ሜትር ስለሆነ 67 ሲቢኤም ይይዛል። ሃይ ኪዩብ የሚባለው ደግሞ ቁመቱ ላይ አንድ ጫማ የተጨመረለት ባለ 40 ነው፤ ከውስጥ 2.69 ሜትር ይደርሳል፣ 76 ሲቢኤም። እንደ ሠሪው ፋብሪካ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ ይላል።

አሁን ካርቶን እናምጣ። 60 በ40 በ50 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ አንዱ 0.12 ሲቢኤም። 33ን ለ0.12 ስታካፍሉ ካልኩሌተሩ 275 ካርቶን ይላችኋል። አቅራቢውም ይህንኑ ቁጥር ሊልክላችሁ ይችላል። እስቲ እንደርድረው፦ በርዝመቱ በ60ው ጎን 9፣ በወርዱ በ40ው ጎን 5፣ ወደ ላይ በ50ው 4። ጠቅላላ 180። በጎን 35 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ቀረ፣ ከጣሪያው ሥር 39። የካርቶናችን አጭሩ ጎን 40 ነው። በአንዲት ሴንቲ ሜትር! ጎበዝ ጫኝ አንዳንዱን እያዞረ ጥቂት ይጨምር ይሆናል እንጂ 275 የሚባለው ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚገባው። ለዚህ ነው በባለ 20 ሲታሰብ ከ33 ይልቅ 27 ወይም 28 ሲቢኤም ይዞ ማስላት የሚሻለው፤ ካርቶኑ እንደኛው አስቸጋሪ ከሆነ ከዚያም ያንሳል።

ያንኑ ካርቶን ባለ 40 ላይ ብንደረድረው በርዝመቱ 20 ይሰለፋል፤ 20 በ5 በ4፣ 400 ካርቶን። ሁለት ባለ 20 ቢሆን 360 ነበር። ሃይ ኪዩብ ላይ ግን አምስተኛ ድርብ ይገባል፤ 500! ያቺ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻዋን መቶ ካርቶን አመጣች። የባሕር ጭነቱ ዋጋ በተራው ባለ 40ና በሃይ ኪዩቡ መካከል ብዙ ጊዜ እኩል ወይም ተቀራራቢ ነው፤ ባለ 40ውም አብዛኛውን ጊዜ የባለ 20ውን እጥፍ አያስከፍልም። ስለዚህ ዕቃችሁ ልብስ፣ ፕላስቲክ፣ ስፖንጅ፣ ሶፋ ከሆነ ሃይ ኪዩብ ጠይቁ።

ሴራሚክ ከሆነስ? ያኔ ነገሩ ይገለበጣል። ዛሬ በብዛት የሚሠሩት ኮንቴይነሮች፣ ባለ 20ውም ባለ 40ውም፣ ከነዕቃቸው እንዲመዝኑ የሚፈቀደው እስከ 30,480 ኪሎ ነው። ባዶው ባለ 20 ከ2 ቶን ትንሽ ያልፋል፣ ባዶው ባለ 40 ደግሞ ወደ 4 ቶን ይጠጋል። ትልቁ ሳጥን ከትንሹ ያነሰ ክብደት ይሸከማል ማለት ነው። 26 ቶን ሴራሚክ የባለ 20ውን ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ክብደቱን ይጨርሳል፤ ባለ 40 ብታመጡ ለአየር ነው የከፈላችሁት። ቡናችንም በባለ 20 ነው የሚወጣው፦ ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 320 ሲሆን 19.2 ቶን። መርከቡ ቢቀበላችሁ እንኳ ከጅቡቲ ሞጆ ያለውን መንገድ አትርሱት፤ የሚዛን ጣቢያው የሚያየው በእያንዳንዱ አክስል ላይ ያረፈውን ክብደት ነው። ከሐምሌ 2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ በዓለም አቀፍ ሕግ ላኪው የተረጋገጠ ክብደት ካላስመዘገበ ኮንቴይነሩ መርከብ ላይ አይወጣም። «በግምት ጻፈው» ቀርቷል።

ዜና ላይ የምትሰሙት ቲኢዩ የሳጥን መቁጠሪያ እንጂ የዕቃ መለኪያ አይደለም። ባለ 20ው 1 ቲኢዩ፣ ባለ 40ው 2 ቲኢዩ ነው፤ ሃይ ኪዩቡም ቁመቱ ሳይታሰብለት ያው 2። በ2021 የስዊዝን ቦይ የዘጋችው ኤቨር ጊቭን 20,000 ቲኢዩ ገደማ ትይዛለች ሲባል 20,000 ኮንቴይነር ማለት አልነበረም፤ ሁሉም ባለ 40 ቢሆኑ 10,000 ናቸው። (በነገራችን ላይ ባለ 20ው ከውጭ ሲለካ 6.058 ሜትር ነው፣ ሙሉ 20 ጫማ አይሞላም። ሁለቱ ባለ 40 ቦታ ላይ ሲቀመጡ በመካከላቸው ክፍተት እንዲኖር ሆን ተብሎ ነው እንዲህ ያጠረው።)

ሙሉ ኮንቴይነር የማይሞላ ዕቃ ያላችሁ ከሌሎች ጋር በኤልሲኤል ትጭናላችሁ። እዚያ ሒሳቡ 1 ሲቢኤም ወይም 1 ቶን፣ ከሁለቱ በበለጠው ነው። 3 ሲቢኤም የሆነ 400 ኪሎ ስፖንጅ የ3 ይከፍላል፤ 1 ሲቢኤም የሆነ 2 ቶን ብረት የ2።

ወደ በሩ እንሂድ። በቀኝ በኩል ከላይ አራት ፊደል፣ ስድስት አኃዝና በሳጥን የተከበበ አንድ አኃዝ ታያላችሁ፤ የተከበበው ከፊቱ ያሉት በትክክል መጻፋቸው የሚረጋገጥበት ነው። ከሥሩ ያለው አጭር ኮድ ዓይነቱን ይነግራችኋል፦ 22ጂ1 ተራ ባለ 20፣ 42ጂ1 ተራ ባለ 40፣ 45ጂ1 ሃይ ኪዩብ። በጂ ቦታ አር ካለ ማቀዝቀዣ ነው፣ ዩ ካለ ጣሪያው ክፍት። ሃይ ኪዩብ ብላችሁ ከተዋዋላችሁ፣ መጫን ሳይጀመር አቅራቢው የበሩን ፎቶ ይላክላችሁ። ኮዱ በ42 ከጀመረ ያኔውኑ አስቁሙት፤ በሩ ከታሸገ በኋላ ክርክሩ ረጅም ነው።