በከሰል ጋዝ መመረዝ፦ ቤት ሲያሞቁ ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

በክረምት የፎገራ ሜዳ በዝናብና በጎርፍ ይርሳል፤ በወረታና በጣራ ገዳም አካባቢም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። በዚህ ወቅት በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ማንደድ፣ በተለይ አራስ ባለችበት ቤት፣ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል?

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ አንጎልና ልብ ኦክስጅን ያጣሉ። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ከቀላ በኋላም ጋዙ መውጣቱን አያቆምም።

ምልክቶቹ

• ራስ ምታትና ማዞር
• ማቅለሽለሽ ወይም ማስታወክ
• ድካም፣ ግራ መጋባት፣ ራስን መሳት

ብዙ የቤተሰብ አባላት በአንድ ጊዜ ከታመሙ፣ ወይም ሕመሙ ከቤት ሲወጡ ከቀለለ፣ ከሰሉን ይጠርጥሩ። የተኛ ሰው ምልክቱ ሳይታወቀው ሊሞት ይችላል።

እንዴት መከላከል ይቻላል?

• ከሰሉን ውጭ ያንድዱ፤ ከመተኛትዎ በፊት ምድጃውን ከነፍሙ ያውጡ። በአመድ የተዳፈነ ፍምም ጋዝ ያወጣል።
• ምድጃው ቤት ውስጥ ካለ በርና መስኮት ይክፈቱ። ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም።
• ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርገው፣ ጋቢ ደርበው ያሙቁት።

የመጀመሪያ እርዳታ

ታማሚውን ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ያውጡት። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውሃ አያጠጡ። የተሻለው ቢመስልም ኦክስጅን ሊያስፈልገው ስለሚችል በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዱት።